የታብሌት ብዕር ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ስለ መድከሙና ነጋዴው ሊያደርገው ስለሚገባ ጥንቃቄ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በናዝሬት (አዳማ)፥ እንዲሁም ከሞጆ እስከ መተሐራ፥ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፥ የስልክና የኮምፒዩተር ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች አዲስ ሸቀጥ ገብቷል። ይኸውም ያለ ሽቦ በታብሌት መስተዋት ላይ የሚጽፈው ብዕር ነው። ገዢዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ መምህራን፥ የሕንፃ ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎችና ሰነድ በመስተዋት ላይ የሚፈርሙ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው።

ሸቀጡ በመጠን ትንሽ ይሁን እንጂ የሚያስነሣው ክርክር ትንሽ አይደለም። ገዢው ብዕሩን ወደ ቤቱ ከወሰደ በኋላ «አልሠራም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ባለሱቁ ማሸጊያው ያልተከፈተ አዲስ ዕቃ መሸጡን ይናገራል፤ ባለሱቁ ከጅምላ ነጋዴው፥ ጅምላ ነጋዴው ከአስመጪው፥ አስመጪውም ከውጭ አገር ላኪው ጋራ ይወቃቀሳሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሰው ሳያታልል ሁሉም የሚከስሩበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም ይህን ብዕር ከሥራ ይልቅ የሚገድለው ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው። ይህን ጠባዩን ያወቀ ነጋዴ የኪሳራውን አብዛኛውን ክፍል ሊያስቀር ይችላል።

የብዕሮቹ ዓይነት

በገበያ ላይ ያሉት ብዕሮች በመልክ ቢመሳሰሉም ኃይል የሚያገኙበት መንገድ የተለያየ ነው።

አንደኛው ዓይነት ለመጻፍ ምንም ባትሪ አያስፈልገውም። የጃፓኑ ዋኮም ኩባንያ በዚህ ዘዴ የታወቀ ነው። በታብሌቱ መስተዋት ሥር የተዘረጋው ሽቦ የመግነጢስ ኃይል ይሰጣል፤ በብዕሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ የሽቦ ጥቅልም ያንን ኃይል ተቀብላ መልሳ ምልክት ትልካለች። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ከጋላክሲ ኖት ስልክ ጋራ ያወጣው ኤስ ፔን የሚጽፈው በዚሁ ዘዴ ነው። እንዲህ ያለው ብዕር ዓመት ቢቀመጥም ከመጻፍ አይደክምም። ጉድለቱ ግን ለዚሁ ዘዴ ተብሎ በተሠራ ታብሌት ላይ ካልሆነ በቀር ፈጽሞ አለመጻፉ ነው። ለአይፓድ ብሎ ያስመጣው ነጋዴ ገንዘቡን ያጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ድንጋዩ የሚለወጥ ነው። ማይክሮሶፍት ለሰርፌስ ታብሌቶቹ ለብዙ ዓመታት ያቀረበው ብዕር ኤኤኤኤ ተብላ የምትጠራ ቀጭን የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ይህች ድንጋይ ከተለመዱት ድንጋዮች ስለምትቀጥን በየሱቁ አትገኝም። ስለዚህ ብዕሩን የሚያስመጣ ነጋዴ ድንጋዩንም አብሮ ማስመጣት ይገባዋል።

ሦስተኛው ዓይነት ሊትየም አዮን የተባለው ባትሪ ከውስጡ ተለጥፎ የተዘጋበትና በኤሌክትሪክ የሚሞላው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው አፕል ፔንስልና በርካሽ ዋጋ ከቻይና የሚመጡት አብዛኞቹ ብዕሮች ከዚህ ክፍል ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ጫፉ ጎማ የሆነና እንደ ጣት የሚነካ ተራ ብዕር አለ፤ ኃይል አይፈልግም፤ ጽሕፈቱ ግን ወፍራም ነው። ክርክር የሚበዛበት ሦስተኛው ዓይነት ስለ ሆነ ከዚህ በታች የሚብራራው እርሱ ነው።

ኃይሉ የሚያልቅበት ምክንያት

የብዕር ባትሪ እጅግ ትንሽ ነው። በመጀመሪያው አፕል ፔንስል ውስጥ የነበረው ባትሪ 0.329 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ሲይዝ፥ አብሮት የወጣው ትልቁ አይፓድ ግን ከ38 ዋት ሰዓት በላይ ይይዝ ነበር። የብዕሩ ስንቅ ከታብሌቱ ስንቅ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ሆኖም መጻፍ ብዙ ኃይል ስለማይጠይቅ፥ ያው ብዕር አንድ ጊዜ ሲሞላ ለ12 ሰዓት ያህል እንደሚያገለግል፥ 15 ሴኮንድ ብቻ ቢሞላም ለ30 ደቂቃ እንደሚበቃ ፋብሪካው አስታውቋል። እንግዲህ ችግሩ ያለው በመጻፉ ላይ ሳይሆን በመቀመጡ ላይ ነው።

ተቀምጦ ሳለ ኃይሉ በሁለት መንገድ ያልቃል። የመጀመሪያው ብሉቱዝ በተባለው የራዲዮ ግንኙነት ነው። ከታብሌት ጋራ የተዋወቀ ብዕር ባይጻፍበትም ጥሪ ይጠባበቃል። በውስጡም እንቅስቃሴን የሚለይ መሣሪያ ስላለ በተነቃነቀ ቁጥር ሥራ የተጀመረ መስሎት ይነቃል። ከናዝሬት ወደ አዲስ አበባ በሚጓዝ ሰው ቦርሳ ውስጥ እየተንገጫገጨ የሚሄድ ብዕር አንድም ቃል ሳይጽፍ ደክሞ ሊደርስ የሚችለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በባትሪው ውስጥ ከሚሠራው ኬሚካልና ባትሪውን ከሚጠብቀው ትንሽ መሣሪያ የሚመጣ ነው። ማንኛውም ባትሪ ማንም ሳይነካው በየወሩ ጥቂት ኃይል ያጣል፤ ጠባቂው መሣሪያም ቀለቡን የሚያገኘው ከዚያው ነው። ትልቅ ባትሪ ይህን አይቆጥረውም፤ የብዕር ባትሪ ግን ስንቁ ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይሟጠጣል።

የራዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሸጡ ቀደምት ባለሱቆች የዚህን ነገር ግማሽ ያውቁታል። ብዙ የተቀመጠ ድንጋይ እንደሚደክምና እንደሚያፈስ አይተው ቀድሞ የገባውን አስቀድመው ይሸጡ ነበር። በአዲሱ ብዕር ላይ ያለው ልዩነት፥ ድንጋይ ሲደክም በሌላ ይለወጣል፤ በብዕሩ ውስጥ የተለጠፈው ባትሪ ሲሞት ግን ብዕሩ ራሱ ይሞታል።

ስለ መሞቱም ማስረዳት ያስፈልጋል። ሊትየም አዮን ባትሪ በሞላ ጊዜ 4.2 ቮልት ያህል ይለካል። ኃይሉ እያለቀ ሄዶ ከ2.5 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድና በዚያው ሁኔታ ሲቆይ በውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መልሶ መሙላት በውስጡ የኤሌክትሪክ መገናኘት ፈጥሮ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል ጠባቂው መሣሪያ በሩን ይዘጋል። ገዢው ሽቦውን ሲሰካ መብራት የማያየው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው ሐሰተኛ አይደለም፤ በመቀመጥ ያለፈበት ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ በመጠኑ ብቻ የወረደ ባትሪ ከኃይል ጋራ ተያይዞ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ የሚነቃበት ጊዜ ስላለ፥ ሞቷል ተብሎ ከመጣሉ በፊት ይህን መሞከር ተገቢ ነው።

መንገዱና ሙቀቱ

ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚደርስ ብዕር ረጅም መንገድ ያልፋል። ከፋብሪካው መጋዘን ወጥቶ በመርከብ ሳምንታት ይጓዛል፤ በጂቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ ሥርዓቱ እስኪፈጸም ይቆያል፤ ቀጥሎም ወደ ጅምላ መጋዘንና ወደ ባለሱቁ መደርደሪያ ይገባል። ጉዞውን ሲጀምርም ሙሉ ኃይል አልያዘም። በዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዣ ደንብ መሠረት ለብቻው የሚጫን ሊትየም አዮን ባትሪ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ከመቶ 30 እጅ በላይ ተሞልቶ አይጫንም። በመሣሪያ ውስጥ ለተገጠመው ደንቡ ይህን ያህል ባይጠብቅም፥ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ በከፊል ብቻ ሞልተው ይልካሉ።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ብዕር ከመቶ 30 እጅ ተሞልቶ ቢወጣና በየወሩ ከመቶ 5 እጅ ቢያጣ በስድስተኛው ወር ባዶ ይሆናል። ሦስት ወር በመንገድና በወደብ፥ ሦስት ወር በመደርደሪያ ላይ ከቆየ ሒሳቡ በዚያው ያልቃል።

በዚህ ላይ ሙቀት ይጨመራል። ስለ ባትሪ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ግምት እንደሚከተለው ነው። ከመቶ 40 እጅ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከመያዝ ችሎታው ከመቶ 96 እጅ ይተርፈዋል፤ በ40 ዲግሪ ቢቀመጥ ግን 85 ብቻ ይተርፈዋል። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ሲቀመጥ ጉዳቱ ይብሳል፤ በ25 ዲግሪ 80፥ በ40 ዲግሪ ደግሞ 65 ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ባዶ ማድረጉም፥ ሞልቶ ማስቀመጡም ሁለቱም ይጎዳሉ። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ መጋዘን፥ በቀትር ፀሐይ የሚመታ የመስኮት ማሳያ፥ በተለይም እንደ መተሐራ ባለው ቆላ ከተማ የሚገኝ ሱቅ ሸቀጡን ዕለት በዕለት ያስረጃል።

ከወለንጪቲ የሚገኝ ትምህርት

ከናዝሬት በስተምሥራቅ ባለችው ወለንጪቲ የተደረገው ነገር እዚህ ላይ መጠቀሱ ተገቢ ነው። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወለንጪቲና በወንጪ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ ሳይሰጣቸው በራሳቸው ጥረት ፊደል ይማሩ እንደ ሆነ ለማየት የታሰበ ሙከራ ነበረ። ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነጥብ ነው። ሕፃናቱ ስለ ታብሌቱ ምንም ባይነገራቸውም፥ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መሣሪያ አብሮ ቀርቦ፥ አዋቂዎቹ በዚያ እንዴት እንደሚሞላ ተምረዋል። የቀረውን ሁሉ ለዕድል የተዉት ሰዎች ኃይል የመሙላቱን ነገር ለዕድል አልተዉም። ዕቃውና የሚሞላበት መንገድ አንድ ሸቀጥ ነው፤ አንዱን ያለ ሌላው መሸጥ ግማሹን መሸጥ ነው።

ለነጋዴው የሚጠቅም አሠራር

አንደኛ፥ አስመጪው ሲያዝ የተሠራበትን ወርና ዓመት ይጠይቅ። የዓመት ፍጆታ በአንድ ጊዜ ከማስመጣት ይልቅ ለጥቂት ወራት የሚበቃውን ደጋግሞ ማስመጣት ይሻላል። የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ብር ከግማሽ በላይ ዋጋውን ስላጣ፥ በመደርደሪያ ላይ የሚሞት እያንዳንዱ ብዕር ከቀድሞው የበለጠ ያከስራል።

ሁለተኛ፥ ዕቃው እንደ ገባ ከየካርቶኑ ጥቂት ብዕሮች ተከፍተው ይፈተሹ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን፥ ገዢም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ እንደሚገባው ይደነግጋል። ሦስት ወር በመጋዘን ካስቀመጡ በኋላ «ሞቶ መጣ» ማለት ለማስረዳት ያስቸግራል።

ሦስተኛ፥ በየካርቶኑ ላይ የገባበት ቀን በጉልህ ይጻፍ፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይሸጥ።

አራተኛ፥ ያልተሸጠው ብዕር በየሦስት ወሩ እስከ ግማሽ ይሞላ። አፕል መሣሪያዎቹ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ በግማሽ ተሞልተው ከ32 ዲግሪ በታች በሆነ ሥፍራ እንዲቆዩና በየስድስት ወሩ ተመልሰው እንዲሞሉ ይመክራል፤ የብዕር ባትሪ አነስተኛ ስለ ሆነ ጊዜውን ማሳጠር ይበጃል። ማሸጊያውን መክፈት ዋጋ ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ ባለሱቅ «ተፈትሾ የተሞላ» የሚል ወረቀት ከነቀኑ ቢለጥፍበት የገዢው እምነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አምስተኛ፥ በማሳያ መስኮት ላይ ባዶ ማሸጊያ ይቀመጥ፤ ብዕሩ ግን ከታችኛው መደርደሪያ፥ ከግድግዳውም ቀዝቀዝ ባለው በኩል ይቀመጥ። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ብዕር ከተገኘ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይሞላ፤ ከሌላውም ዕቃ ይለይ።

ስድስተኛ፥ በመሸጥ ጊዜ ገዢው ያለው ታብሌት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ የሚቻልም ከሆነ ብዕሩ በራሱ በገዢው ታብሌት ላይ ተሞክሮ ይሰጠው። ባይጽፍበትም በወር አንድ ጊዜ እንዲሞላው፥ ለብዙ ቀን የማይጠቀምበት ከሆነ ብሉቱዙን እንዲያጠፋ፥ በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተወው ይነገረው። ከታብሌቱ ጎን በመግነጢስ ተጣብቆ የሚሞላ ብዕር ከሆነም ኃይሉን የሚወስደው ከታብሌቱ መሆኑን ማወቁ ከኋላ ቅሬታ ያድነዋል። ለሥራው የመብራት መቋረጥ የሚያሳስበው ደንበኛ ሲመጣ፥ ታብሌቱ የሚቀበል እስከ ሆነ ድረስ፥ ባትሪ የሌለውን ብዕር ማሳየት የመልካም ሻጭ ተግባር ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ የመሙያ ገመድ፥ አንድ የቀን መዝገብና በየሦስት ወሩ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይበቃዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ብዕሩ በመደርደሪያ ላይ ሳለ የተደረገለት ጥቂት እንክብካቤ፥ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣውን ክርክርና የደንበኛ መራቅ ያስቀራል።