ቆጣሪ ላለው ቤት ሶላር ምን ይሠራለታል?

ዋግ ኽምራ ገጠር ውስጥ የሶላር ጥያቄ ብዙ አያከራክርም። የኩራዙ ላምባና ጭስ፣ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ መውጣቱ ሲደመር፣ ፍየል ሸጦ አነስ ያለ ሶላር ያስገባ ገበሬ ከስሯል የሚል አይገኝም። የሚከብደው የከተሜው ጥያቄ ነው። ሰቆጣ ላይ ቆጣሪ ያስገባ፣ ማብሪያውን ሲጫን አምፖሉ የሚበራለት ሰው፣ ጣሪያው ላይ ሌላ መብራት ለመትከል ገንዘቡን ቢያወጣ ያዋጣዋል?

በወር ሒሳብ ካየነው አያዋጣውም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ፣ መኖሪያ ቤት በወር ለሚጠቀማቸው የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ባለ 100 ዋት ሶላር በደህና ፀሐይ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ በቀን ወደ 400 ዋት ሰዓት፣ በወር 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በዚያ ታሪፍ ይህ ሁሉ የሦስት ብር መብራት ነው! ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ነገር ግን አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ቢገባ እንኳ ሶላሩ በወር የሚያድነው 70 ብር አካባቢ ነው። በሌላ በኩል ዕቃው በዶላር የሚመጣ ነው። በዓለም ገበያ የሶላር ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በ90 በመቶ ገደማ ቢወርድም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዚያ ቅናሽ ትሩፋት እኛ ዘንድ ሲደርስ ሳስቷል። «የመብራት ሒሳብ ያስቀርልዎታል» እያለ ሶላር የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመዎት እንግዲህ ይጠርጥሩት።

ሰቆጣ ግን የመብራትን ዋጋ በሒሳብ ደረሰኝ ብቻ አታውቀውም። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ነው፤ ውኃው የተኛው በዋግና በትግራይ ወሰን ላይ ነው። ኃይሉ ግን በ105 ኪሎ ሜትር መስመር ወደ መቀሌ ሄዶ ከብሔራዊው ቋት ጋር ይቀላቀላል። የዋግ ሰው ውኃውን ከደጁ እያየ፣ መብራቱ የሚመጣለት ዞሮ ነው። መስመር በዞረ ቁጥር ደግሞ የሚበጠስበት ቦታ ይበዛል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሆነውም ይኸው ነው፤ ሰቆጣና ላሊበላ ለረጅም ወራት ያለ መብራት ቆዩ። ቆጣሪ ያለውም የሌለውም እኩል ጨለማ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የአንድ አምፖልና የአንድ ስልክ ቻርጅ ዋጋ በ27 ሳንቲም የሚለካ አልነበረም።

ስለዚህ ከተሜው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «መብራት ሲጠፋብኝ ለስንት ጊዜ ይጠፋል?» ብሎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ መልሱ ግን የሚገዛውን ዕቃ ይለውጠዋል። ለሰዓታት ሄዶ የሚመለስ ከሆነ ሶላር አያስፈልግም። ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ በቂ ነው፤ መብራት ሲኖር ከሶኬት ይሞላል፣ ሲጠፋ ይሠራል። ሶላሩ የሚያስፈልገው ጨለማው አንዴ የተሞላ ባትሪ ከሚያቆየው ሲረዝም፣ ቀናትና ሳምንታት ሲሆን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያው ሊበቃው ይችላል። ለሰቆጣ ሰው፣ ከላይ በተባለው ምክንያት፣ ሁለተኛውን ማሰብ ቅንጦት አይደለም።

ገንዘቡን የሚበላውም ባትሪው ነው። ጣሪያ ላይ ያለው መስታወት 25 ዓመት ቢያገለግል የሚገርም አይደለም። ጓዳ የሚቀመጠው የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ማታ ማታ እስኪያልቅ ከተጠቀሙበት በጥቂት ዓመት ይሞታል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው። ሊትየም ሲገዙት ይወደዳል፤ ነገር ግን ከያዘው አብዛኛውን ያለ ጉዳት ይሰጣል፣ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜም ይሞላል። ኢንቨርተር ሲገዙ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁ። ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ተያይዞ እንዲሠራ ብቻ የተሠራ ዓይነት አለ፤ መስመሩ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞችን እንዳይገድል ሲባል መብራት በጠፋ ቁጥር ራሱን ያጠፋል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሆነው ጨለማ ቤት መቀመጥ ማለት ነው።

ከዚያ ምጣዱ አለ። ከላይ ያልነው 400 ዋት ሰዓት ባለ 7 ዋት የሆኑ አምስት አምፖሎችን ለአምስት ሰዓት ያበራል፣ የቤተሰቡን ስልኮች ይሞላል፣ ቴሌቪዥንም ለሁለት ሦስት ሰዓት ያሳያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ የአንድ ሰዓት ጋገራ የዚያን ሶላር የዘጠኝ ቀን ምርት ይጨርሳል። ሶላር አስገብቶ የተቆጨ ሰው ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምጣድና ካውያ አስቦ የገዛ ነው። እንጀራው ለማገዶ ወይም ለመብራት ኃይል ይተው።

የዋግ ሰማይ ለዚህ ሥራ ቸር ነው። ዝናቡ አጭር፣ በጋው ረጅም ነው። ሶላር የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ያለችው ሰቆጣ ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ ትሻላለች። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ አብዝቶ ማቆም ጉዳት አለው። ቆርቆሮው ላይ ከለጠፉት አየር አያገኝም፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍት ይተው። የበጋውን አቧራ በጠዋት፣ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

በተረፈ የሚያሳስበው ጠጋኙ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ የምትባል መንደር በ1999 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የጀርመን ድርጅት ድጋፍ በየቤቱ ሶላር ሲገባላት፣ ነዋሪው በየወሩ ጥቂት ብር ይከፍል ነበር፤ ገንዘቡ ለጥገና ነው፣ ባለሙያዎቹም እዚያው የሠለጠኑ ነበሩ። ከተማ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይገዛል፣ ለብቻውም ይቸገራል። ባትሪው ሲሞት የሚተካው ሰቆጣ ላይ ካልተገኘ፣ የዕቃው ዋጋ ላይ የደሴ ወይም የባሕር ዳር መመላለሻ ይደመራል።

ተከራይ የሆነ ሰው ሒሳቡ ይለያል። የሰው ቆርቆሮ ላይ ብሎን መምታት አይችልም፤ ቢፈቀድለትም ሲለቅ ጭቅጭቅ ነው። ለእሱ ባለ 50 ዋቷ፣ ቀን ደጅ ተዘርግታ ማታ የምትገባው ትሻለዋለች። ቤት ሲቀይር ከአልጋውና ከምድጃው ጋር ጭኗት ይሄዳል።