ከማረሚያ ቤት የሚመለስ አባትና የሰበካው ድርሻ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰሩትን መጠየቅ ለእርሱ እንደ ተደረገ ቆጥሮልናል። ስለዚህም በየበዓላቱ ስንቅና ልብስ ይዘን ወደ ማረሚያ ቤት እንሄዳለን። ታራሚው ከተፈታ በኋላ ግን ጠያቂው ያንሳል። ልጆች ያሉት አባት ሲሆን ደግሞ ፈተናው ከገዛ ደጁ ይጀምራል።

እርሱ በሌለበት ዘመን ቤቱ ሌላ ሥርዓት ለምዷል። እናት ብቻዋን መወሰንን ለምዳለች፤ ትልቁ ልጅ የአባቱን ቦታ ይዟል፤ ታናሹ አባቱን በስም እንጂ በመልክ አያውቀውም። አባቱ ለሥራ ሩቅ አገር እንደ ሄደ ተነግሮት ያደገም አለ። ተመላሹ የቀድሞ ሥልጣኑን ወዲያው ልያዝ ቢል ጠብ ይነሣል፤ አፍሮ ዝም ቢል በቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ስለዚህ አገልግሎታችን ከመፈታቱ በፊት መጀመር አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች በትዳር ጓደኞቻቸው፣ በዘመዶቻቸውና በሃይማኖት አማካሪዎቻቸው የመጎብኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረትም ታራሚ ከእስራት ቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ መልካም ጠባይ ካሳየ በአመክሮ ሊፈታ ስለሚችል፣ ጊዜውን አስቀድሞ መገመት አያዳግትም። በዚህ ጊዜ የንስሐ አባቱ በአባትና በልጆች መካከል መልእክት ያመላልሱ፤ እናትም ለልጆቿ እንደ ዕድሜያቸው እውነቱን እንድትነግራቸው ያግዟት።

ቀጥሎ የሚመጣው ዕርቅ ነው። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ከሆነ ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች የተበዳዩን ቤተ ሰብ አስቀድመው ካላነጋገሩ፣ የአባት መመለስ ልጆቹን ጭምር ለበቀል ያጋልጣል። በደሉ በሚስቱ ወይም በልጆቹ ላይ የተፈጸመ እንደ ሆነ ግን የእነርሱ ደኅንነት ይቀድማል፤ በዕርቅ ስም ሚስቱን "ተቀበዪው" ብለን ልናስጨንቃት አይገባም።

ሦስተኛው መተዳደሪያ ነው። ባዶ እጁን የገባ አባት በልጆቹ ፊት አንገቱን ይደፋል። ሰበካ ጉባኤው በደብሩ ሥራ ሊያሳትፈው፣ ለሚያውቀው ሙያ መነሻ መሣሪያ ሊያሟላለት፣ ወደ ዕድሩና ወደ ማኅበሩ እንዲመለስም ሊማልድለት ይችላል።

እያንዳንዱ ሰበካ በመጪው ስብሰባው አንድ ካህንና ሁለት ሽማግሌዎችን ለዚሁ ይመድብ፤ በአጥቢያው አባታቸው የታሰረባቸውን ልጆችም ከአሁኑ ይወቅ። በጠፋው ልጅ ምሳሌ ልጁን የሚጠብቀው አባት ነው፤ በእነዚህ ቤቶች ግን አባታቸውን የሚጠብቁት ልጆች ናቸው፤ አብረናቸው ልንጠብቅ ይገባናል።