የቁልፍ መጎርጎሪያ ለጀማሪ፤ በቍጥር ይመረጥ ወይስ በጥራት?

ቁልፍን ያለ መክፈቻው መክፈት በብዙ ሰው አስተያየት የሌባ ሥራ ብቻ ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ጥበብ እንደ ቼዝ ጨዋታ ሁሉ አእምሮንና እጅን የሚያሠለጥን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከሆነ ብዙ ዓመታት ዐልፈዋል። በ1997 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ማኅበር አቋቍመዋል፤ ከዚያም ወዲህ በሆላንድና በአሜሪካ ተመሳሳይ ማኅበሮች ተነሥተው አባሎቻቸው በፍጥነትና በብልሃት ይወዳደራሉ። ጨዋታው እየተስፋፋ በሄደ መጠን መሣሪያውም ራሱን የቻለ የንግድ ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ የብረታ ብረት ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ ባለሱቅ «ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሚሰጠው የታመነ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በአነጋገራችን «ቁልፍ» የሚለው ቃል የሚቈልፈውንም የሚከፍተውንም ስለሚያመለክት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚቈልፈውን «ቁልፍ»፣ የሚከፍተውን «መክፈቻ» ብለን ለይተናል። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቁልፉ አሠራር

መሣሪያውን ለመምረጥ አስቀድሞ ቁልፉን ማወቅ ይገባል። ዛሬ በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ የሚታየው የበርና የጓጉንቸር ቁልፍ አብዛኛው፣ በጥንታዊት ግብፅ ይሠራበት ከነበረው የእንጨት ቁልፍ ጋር በመሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው። ለዘመናችን በሚስማማ መልክ አሻሽሎ የሠራው ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ1861 እና በ1865 ዓ.ም. ለሥራው የባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል።

በነሐሱ አካል ውስጥ የሚሽከረከር እምብርት አለ። ይህን እምብርት እንዳይዞር የሚከለክሉት በሞላ የሚገፉ፣ ርዝመታቸው የተለያየ፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት የሆኑ ትናንሽ ፒኖች ናቸው። ትክክለኛው መክፈቻ በገባ ጊዜ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ፒን እስከሚፈለገው ከፍታ ብቻ ስለሚያነሡት እምብርቱ ነጻ ሆኖ ይዞራል።

የፋብሪካ ሥራ እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ ፒኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ባገዱ ነበር። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ በፍጹም አንድ መስመር ላይ ሊበሱ ስለማይችሉ፣ እምብርቱን በቀስታ ለማዞር ሲሞከር አስቀድሞ የሚያግደው አንዱ ፒን ብቻ ነው። እርሱ እስከ ልኩ ከተነሣ በኋላ ተራው የሌላው ይሆናል። እንዲህ አንድ በአንድ እየተነሡ ሲያልቁ ቁልፉ ይከፈታል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይጠይቃል፤ አንደኛው እምብርቱን በቀስታ የሚጫነው ማዞሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፒኖቹን የሚያነሣው መጎርጎሪያ ነው። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ለጀማሪ የሚበቃው ስንት ነው?

በገበያ የሚቀርበው ሣጥን ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 30 ቁራጭ የያዘ፣ ለዓይን ያማረና በዋጋውም ርካሽ የሚመስል ነው። ይሁን እንጂ ከነዚህ ቁራጮች የሚበዙት መልካቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ጥቂቶቹም ለሌላ ዓይነት ቁልፍ የታሰቡ በመሆናቸው ጀማሪው ሳይነካቸው ይቀራሉ። ይህን መግዛት አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉትን መሆን ነው።

ለጀማሪ የሚበቁት ስድስት ቁራጮች ናቸው። እነርሱም አንድ ጫፉ አጠር ያለ ቆልማማ መጎርጎሪያ፣ አንድ ከእርሱ ጥቂት ከፍ ያለ ቆልማማ፣ አንድ ጫፉ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ፣ እንደዚሁም ስፋታቸውና ውፍረታቸው የተለያየ ሦስት ማዞሪያዎች ናቸው። ማዕበል መሰሉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲመላለስ ደካማውን ቁልፍ ቶሎ ስለሚከፍት ለጀማሪው ተስፋ ይሰጠዋል። እውነተኛው ትምህርት የሚገኘው ግን ፒኖቹን አንድ በአንድ ከሚያነሣው ቆልማማ ነው።

ጥራቱ በምን ይታወቃል?

አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት ናሙና አስልኮ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በገዛ እጁ ቢመረምር ከኪሳራ ይድናል።

1ኛ/ ብረቱ። መጎርጎሪያው ጥቂት ጐበጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ጐብጦ የሚቀር ከሆነ ለስላሳ ብረት ነውና በመጀመሪያው ሳምንት ይበላሻል። ተመራጩ ለሞላ መሥሪያ የሚሆነው አረብ ብረት ወይም ጠንካራ የማይዝግ ብረት ነው።

2ኛ/ ውፍረቱ። በአሜሪካ ቁልፎች የመክፈቻው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሰፊ ስለሆነ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው መጎርጎሪያ ይስማማቸዋል። የብዙ አውሮፓውያን ቁልፎች ቀዳዳ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የሆነውን ይሻል። ስለዚህ አስመጪው ደንበኞቹ በሚኖሩበት ከተማ የሚሸጡት ቁልፎች የየትኛው ዓይነት እንደሆኑ አስቀድሞ ይመልከት። የማይገባ መሣሪያ የቱንም ያህል ቢያምር ተመላሽ ዕቃ ነው።

3ኛ/ አጨራረሱ። በመቍረጫ ማሽን ተቈርጦ ሳይለሰልስ የቀረ ጠርዝ በፒኖቹ ላይ እየተንጠለጠለ የእጅን ስሜት ያደናግራል። ቀላሉ መፈተኛ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ በጠርዙ ላይ መሳብ ነው፤ ክሩን የሚይዝ ከሆነ ሥራው አላለቀም። በብርጭቆ ወረቀት ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ገዢው የፋብሪካውን ሥራ እንዲጨርስ መጠየቅ የለበትም።

4ኛ/ እጀታው። የፒኑ ትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ጣት የሚደርሰው በብረቱ በኩል ነው። ወፍራም ለስላሳ ፕላስቲክ ይህን ስሜት ያደክመዋል። ከብረቱ ጋር ጠብቆ የተያያዘ ቀጭን እጀታ ይሻላል።

5ኛ/ ማዞሪያው። ርካሽ ሣጥኖች 20 መጎርጎሪያ ሰጥተው ማዞሪያውን አንድ ብቻ ያደርጉታል። በእውነቱ ግን ከሥራው የሚበልጠው ድርሻ የማዞሪያው ነው። በቀዳዳው ውስጥ የሚላወስ ወይም መጎርጎሪያው የሚያልፍበትን ቦታ የሚዘጋ ማዞሪያ ከጀማሪ ትዕግሥት በላይ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ሲከፈት አስቀድሞ የሚቈጠረው ይህ ይሁን።

እንደ ሽጉጥ በቃታ የሚሠራውና በኤሌክትሪክ የሚርገበገበው መሣሪያ ለጀማሪ አይመከርም፤ ቁልፉን ቢከፍትም ተጠቃሚውን አያስተምርምና። እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውም ለመያዝ ቢመችም ለሚማር እጅ የተጨናነቀ ነው።

ከመሣሪያው ጋር የሚሸጠው ቁልፍ

መሣሪያ ያለ መለማመጃ ቁልፍ ግማሽ ዕቃ ነው። ውስጡ የሚታይ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቁልፍ አሠራሩን ለማስረዳት ይጠቅማል፤ ነገር ግን አሠራሩ ልቅ ስለሆነ ከእውነተኛው ጋር የሚመሳሰል ስሜት አይሰጥም። ከእርሱ ይልቅ አራት ወይም አምስት ፒን ያለው ተራ የነሐስ ቁልፍ ይመረጣል። ፒኖቹ ወጥተው የሚመለሱ ከሆነማ በአንድ ፒን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ስለሚቻል ከሁሉ ይበልጣል። ባለሱቁ መክፈቻቸው የጠፋባቸው፣ በመጋዘን ጥግ የተጣሉ አዳዲስ ቁልፎች ካሉት፣ ለዚህ አገልግሎት በቅናሽ ሊሸጣቸው ይችላል።

የጨዋታው ወዳጆች በየአገሩ የሚከተሏቸው ሁለት ሕጎችም በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ በወረቀት ታትመው ቢገቡ መልካም ነው። አንደኛው፣ የራስ ያልሆነን ቁልፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አለመንካት ነው። ሁለተኛው፣ የራስም ቢሆን ቤት ወይም ሱቅ የሚጠበቅበትን ቁልፍ መለማመጃ አለማድረግ ነው፤ ሊበላሽ ይችላልና።

ሌባን ማስታጠቅ አይሆንምን?

ጨዋ ነጋዴ ይህን ጥያቄ ማንሣቱ የሚያስመሰግነው ነው። ጥያቄው በለንደን ከተማ በሰፊው የተነሣው በ1851 ዓ.ም. ነበር። ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ በ1784 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘበትን የቁልፍ ዓይነት፣ ድርጅቱ ከ1790 ዓ.ም. ጀምሮ በፒካዲሊ መንገድ በሱቁ መስኮት ላይ አስቀምጦ፣ መሣሪያ ሠርቶ ለሚከፍተው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። ከ60 ዓመት በላይ የከፈተው አልተገኘም። በ1851 ዓ.ም. በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የቁልፍ ባለሙያ፣ በመጀመሪያ የታወቀውን የቻብ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ያህል ከፈተ፤ ቀጥሎም የብራማን ቁልፍ በ16 ቀኖች ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ሠርቶበት ከፍቶ ሽልማቱን ተቀበለ። ያ ቁልፍ ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች የቁልፍን ድካም በአደባባይ መግለጥ ለወንጀለኛ መንገድ ማሳየት ነው ብለው ተቃወሙ። የሆብስ ወገኖች የሰጡት መልስ ግን ወንጀለኞቹ ነገሩን ቀድመው እንደሚያውቁት፣ የተደበቀውም ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፉን ከሚገዛው ከሐቀኛው ሰው ብቻ እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ፋብሪካ «ቁልፌ አይከፈትም» ብሎ በቃሉ ብቻ ሊታመን አልቻለም።

ለነጋዴው ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ሌባ በአብዛኛው የሚጠቀመው በመፈልቀቂያ ብረትና በመቍረጫ እንጂ በትዕግሥት በሚሠራ መጎርጎሪያ አይደለም። ሆኖም በጥቂት ልምምድ አንድን ጓጉንቸር በሁለት ደቂቃ የከፈተ ባለሱቅ፣ ያንን ጓጉንቸር በመጋዘኑ በር ላይ አያንጠለጥልም፤ ለደንበኛውም «አስተማማኝ ነው» ብሎ አይሸጥም። በአውሮፓ ለጓጉንቸሮች የወጣው ኢኤን 12320 የተባለው ደረጃ የጥንካሬን መጠን ከ1 እስከ 6 ይከፍለዋል፤ 6ኛው የመጨረሻው ነው። አስመጪው ከክብደቱና ከሣጥኑ ውበት ይልቅ ይህን ቍጥር ቢጠይቅ፣ የሚሸጠውን ዕቃ በእርግጥ የሚያውቅ ነጋዴ ይሆናል።

ሕጉን አስቀድሞ መጠየቅ

የመጎርጎሪያ ሕግ በየአገሩ ይለያያል። በጃፓን በ2003 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ያለ በቂ ምክንያት መጎርጎሪያ ይዞ መገኘት የተከለከለ ሲሆን፣ በአሜሪካ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር መያዙ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ከመላኩና የባንክ ሰነድ ከመክፈቱ በፊት የሚሸጥበትን አገር የጉምሩክና የፖሊስ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በእጁ ይያዝ። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ዋጋው ውድ ነው።

ፈቃዱ ካለ ግን ለመደርደሪያው የሚስማማው ስድስት በሚገባ የለሰለሱ ቁራጮች፣ አንድ የነሐስ ቁልፍና ሁለቱ ሕጎች የታተሙበት ወረቀት የያዘ ትንሽ ሣጥን ነው። ባለ30ው ሣጥን አንድ ጊዜ ይሸጣል። ይህኛውን የገዛ ደንበኛ ግን ሁለተኛውን ቁልፍ፣ ቀጥሎም ለቤቱ የሚሆነውን ጠንካራ ቁልፍ ሊገዛ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።