ሮቦትና የሰው እጅ

ባለፈው ሳምንት የማታው ትምህርት እንዳበቃ አንድ ሸማኔ ከኋላ ቀሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ደብተራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በሬዲዮ ሰማሁ። ሮቦት የሚሉት ማሽን መጥቷል አሉ። የሰውን ሥራ ሁሉ ይሠራል አሉ። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ሽመና እየለመደ ነው። ላስተምረው ወይስ ልተወው? እጅ ከንቱ ሊሆን ነው ወይ?»

ወዲያው መልስ አላገኘሁም። «አባባ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ። አንብቤ እመልስልዎታለሁ» አልኳቸው። ያነበብኩትን ለእሳቸውም ለእናንተም እነሆ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሮቦት ምንድን ነው?

ሮቦት የታዘዘውን ሥራ በራሱ የሚሠራ ማሽን ነው። የወፍጮ ቤት ማሽን የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። እሱም መፍጨት ነው። ሮቦት ግን ትእዛዙ ሲለወጥ ሥራውን ይለውጣል። ዛሬ ብረት ያነሣል። ነገ ቀለም ይቀባል።

የፋብሪካ ሮቦት አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይመስልም። ረጅም የብረት ክንድ ነው። እንደ ትከሻና እንደ ክርን የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለው።

ቃሉ የመጣው ከቼክ አገር ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለ ደራሲ በ1920 ስለ ሰው ሠራሽ ሠራተኞች አንድ ቴአትር ጻፈ። ሠራተኞቹንም ሮቦት አላቸው። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት የግዳጅ ሥራ ነው። በእኛ አገር ድሮ ጭሰኛው ለባለ ርስቱ በነጻ ይሠራው እንደነበረው የሁዳድ ሥራ ማለት ነው።

ሮቦት እጅን የሚበልጥበት ሥራ

በ1961 ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ኩባንያ በኒው ጀርሲ ባለ ፋብሪካው አንድ ሮቦት ሥራ አስገባ። ስሙ ዩኒሜት ይባላል። የፈጠረው ጆርጅ ዴቮል ነው። ክብደቱ ከ10 ኩንታል ይበልጥ ነበር።

ሥራው ምን ነበር? ቀልጦ ቅርጽ የያዘውን ትኩስ ብረት ከማሽኑ ውስጥ ማውጣት ነበር። ይህ ለሰው ክፉ ሥራ ነው። ያቃጥላል። ጭሱም ጤና ይጎዳል። ሮቦቱ ግን አይቃጠልም። አይደክመውም። እንቅልፍ አይጥለውም።

ዛሬ በትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎች የመኪናውን አካል የሚበይዱት በአብዛኛው ሮቦቶች ናቸው። ሺኛው ብየዳ ከመጀመሪያው ብየዳ አይለይም። ሰው እንዲህ ልሥራ ቢል ክንዱ ይዝላል፣ ዓይኑም ይደክማል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ብረቱ ጠንካራ ነው። ቅርጹ ሁልጊዜ አንድ ነው። የሚቀመጠውም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው። ሮቦት የሚወደው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

እስቲ እጃችሁን ተመልከቱ

አሁን ወረቀቱን አስቀምጡና እጃችሁን ተመልከቱ። በአንድ እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ። በግራ እጃችሁ የቀኝ ክንዳችሁን ያዙ። ከዚያ የቀኝ እጃችሁን ጣቶች ጨብጡ፣ ፍቱ። ክንዳችሁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ተሰማችሁ? እሱ ጡንቻ ነው። ጣቶቻችንን የሚስቡት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንዳችን ላይ ነው። ስለዚህ ጣታችን ቀጭን ሆኖ ብርቱ ነው።

በመዳፋችንና በጣቶቻችን ውስጠኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ንክኪን የሚሰሙ ወደ 17,000 የሚጠጉ የነርቭ ጫፎች አሉ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ጤፍና ስንዴ በጣታችሁ ዳሱ። የትኛው የቱ እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። እንቁላል ስትይዙ አይሰበርባችሁም፣ አይወድቅባችሁም። ምን ያህል መጨበጥ እንዳለበት እጃችሁ ራሱ ያውቃል። ይህን ማንም በትምህርት ቤት አላስተማራችሁም።

ይህን ዕውቀት ለሮቦት መስጠት እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል። ሊቃውንት ዛሬም እየደከሙበት ነው።

ሮቦት የተሸነፈበት ሥራ

ቴስላ የሚባል የአሜሪካ የመኪና ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ መኪና ሲሠራ ብዙውን ሥራ ለሮቦት ሰጥቶ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ በመኪናው ባትሪ ላይ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ምንጣፍ ማስቀመጥ ነበር። ሮቦቱ ያን ለስላሳ ነገር ማንሣት አቃተው። ለሰው እጅ ግን ቀላል ነበር። በኋላ ሲፈተሽማ ምንጣፉ ጭራሽ አላስፈለገም! ተወው። በ2018 የኩባንያው አለቃ ኢሎን መስክ ሥራውን ከመጠን በላይ ለማሽን መስጠታቸው የራሳቸው ስሕተት እንደነበረ በይፋ አመኑ።

ሌላም አለ። አዲዳስ የተባለው የጫማ ኩባንያ በጀርመንና በአሜሪካ ሁለት የሮቦት ጫማ ፋብሪካዎች አቋቁሞ ነበር። በ2020 ሁለቱም ተዘጉ። ሮቦቶቹ ሊሠሩ የቻሉት የጫማ ዓይነት ጥቂት ነበር። ኩባንያው የተገኘውን አዲስ አሠራር እስያ ላሉ ጫማ ሠሪዎቹ እንደሚያስተላልፍ ተናገረ።

የልብስ ስፌትም እንዲሁ ነው። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፣ ይለጠጣል። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አይተኛም። በ2016 የተከፈተውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውሰዱ። በዚያ ባሉት የልብስ ፋብሪካዎች የሚሰፉት በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። የስፌት መኪናውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው። ጨርቁን የሚመራው ግን የእነርሱ እጅ ነው።

እጅ ከረሳ ማን ያስተምራል?

ቶዮታ የጃፓን የመኪና ኩባንያ ነው። ሮቦት በብዛት ይሠራበታል። በዚያ ሚትሱሩ ካዋይ የተባሉ ሰው አሉ። በ1966 ወጣት ሳሉ ሥራ ጀመሩ። ከተራ ሠራተኛነት ተነሥተው በ2017 ከኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆኑ።

እኚህ ሰው አንድ ነገር አሳሰባቸው። ወጣቱ ሠራተኛ ቁልፍ መጫን ብቻ ለመደ። ብረቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ለምን እንደሚጣመም የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ ሮቦቱ ቀርቶ ሰው በእጁ እንዲሠራ አደረጉ። ሠራተኞቹ የሞተር ዘንግ እንደ ቀጥቃጭ በእጃቸው ቀጠቀጡ። በእጃቸው የተማሩትንም ወደ ማሽኑ ሥራ መለሱት። የሚባክነው ብረት ቀነሰ።

ካዋይ የሚሉት ነገር ግልጽ ነው። ማሽን የታዘዘውን ይደጋግማል እንጂ ሥራውን አያሻሽልም። የሚያሻሽለው ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለሸማኔው የሰጠሁት መልስ

ሳምንቱ ሲያልቅ ከሸማኔው ጋር ተገናኘን። እውነቱን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ሽመና ከስፌት ቀድሞ በማሽን ተነክቷል። ኤድመንድ ካርትራይት የተባለ እንግሊዛዊ በራሱ የሚሠራ የሽመና ማሽን የፈጠረው በ1785 ነው። ምክንያቱን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ድሩ የተወጠረ ነው። ወዲያ ወዲህ አይልም» አሉ።

«ትክክል ነው። ስለዚህ ተራ ጨርቅ በብዛትና በርካሽ ለመሥራት ከፋብሪካ ጋር መወዳደር አያዋጣም። እጅ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ እንጀራ አይገኝም። ዋጋም ገበያም ያስፈልጋል።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ይህንስ ገበያ ላይ አየሁት። የፋብሪካው ጥለት ከእኔ ጥለት ረክሶ ይሸጣል» አሉ።

«ልክ ነው። ቢሆንም ለደንበኛ እንደ ፍላጎቱ ጥለት የሚያወጣ፣ ክር ሲላላ በጣቱ የሚያውቅ እጅ ገና አልተተካም። ልጁ ሽመናውን ይማር። ግን እሱን ብቻ አይማር። ፊደልና ሒሳብም ይማር። ክር ስንት እንደገዛ፣ ስንት ቀን እንደደከመ ይጻፍ። ያን ጊዜ ነጋዴ በዋጋ አያታልለውም። ነገ ማሽን ቢያገኝም የሚያዝዘው እሱ ይሆናል።»

ሸማኔው ዝም ብለው መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ፣ «ነገ ማታ ይዤው እመጣለሁ» አሉ። በማግስቱ አባትና ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

አዳዲስ ቃላት

መገጣጠሚያ፦ ሁለት ነገሮች የሚገናኙበትና የሚታጠፉበት ቦታ።
ብየዳ፦ ብረትን ከብረት በኃይለኛ ሙቀት ማያያዝ።
ነርቭ፦ ንክኪን፣ ሙቀትንና ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርስ ቀጭን የአካል ክር።

ጥያቄዎች

1. ዩኒሜት ይሠራው የነበረው ሥራ ለሰው የሚጎዳው ለምንድን ነው?
2. ሮቦት ብረት ማንሣት ሲቀለው ጨርቅ መስፋት ለምን ከበደው?
3. እናንተ በእጃችሁ ከምትሠሩት ሥራ ለማሽን ቢሰጥ ደስ የሚላችሁ የትኛው ነው? ልትሰጡት የማትፈልጉትስ? ተወያዩበት።