ሲሚንቶም ውሃ ይጠጣል

በደምበጫና በቡሬ ገጠር የበቆሎ ጆንያ በሲሚንቶ ሊሾ ላይ ሲደረደር እናያለን። ሊሾ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ታዲያ ክረምት ሲገባ የታችኛው ጆንያ ለምን ይሻግታል?

ሲሚንቶ በውሃ ሲቦካ ውሃው ሁሉ አብሮ አይጠነክርም። ትርፉ ተንኖ ይወጣል፤ በቦታውም ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይቀራሉ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ እነዚህ ቀዳዳዎችም ከእርጥብ መሬት ውሃ ይስባሉ። ሊሾው ባዶ ከሆነ ውሃው ተንኖ ወደ አየር ይሄዳል። ጆንያ ከተጫነው ግን መውጫ ያጣል፤ እህሉ ይጠጣዋል።

እስቲ እንፈትነው። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በሊሾው ላይ እናንጥፍና ዳር ዳሩን በደረቅ አሸዋ እንጫነው። በማግስቱ ስንገልጠው ከሥሩ ጤዛ ካየን፣ እርጥበቱ ከታች ነው የመጣው። ባናይ እንኳ ክረምትን አንመን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በደንብ የደረቀውን እህል ከሊሾው 1 ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ አድርገን እንደርድር። አዲስ ሊሾ ስናሠራ ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እናጠጣው፤ ይጠነክራል፣ ቀዳዳውም ይጠብባል።

የሻገተ በቆሎ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መርዙም ተቀቅሎ አይጠፋም። የዓመት ድካማችንን 1 ስንዝር እንጨት ያድነዋል።