ስለ አንበጣ ተቀጥላ አካላት፤ አንድ ሥሪት፥ ብዙ ተግባር

ከእንስሳት አካል ግንድ ላይ ተቀጥለው የሚበቅሉትን እንደ እግር፥ ክንፍና መዳሰሻ ያሉትን ክፍሎች በጠቅላላው ተቀጥላ አካላት እንላቸዋለን። እነዚህን ስናጠና ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ተቀጥላውን በሚሠራው ሥራ ብቻ ሰይመን ጥናቱን እንደ ጨረስን መቍጠራችን ነው። መዝለያ፥ ማኘኪያ፥ ማሽተቻ ብለን ብቻ ስንለያያቸው የጋራ ሥሪታቸው ይሰወርብናል፤ ከዚህም በላይ አንዱ ተቀጥላ ደርቦ የሚሠራው ሌላ ሥራ ሳይታየን ያልፋል። ይህንን አገራችን በጥፋቱ አሳምራ በምታውቀው በበረሃ አንበጣ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

አንበጣን በማጉያ መነጽር ከፊቱ ጀምረን ወደ ኋላ ብንመረምረው፥ በመጀመሪያ በራሱ ላይ አንድ ጥንድ መዳሰሻ እናገኛለን። ቀጥሎ በአፉ ዙሪያ አንድ ጥንድ ጠንካራ መንጋጋ፥ ከእርሱም ኋላ አንድ ጥንድ ረዳት መንጋጋ፥ ከዚያም የታች ከንፈር አለ። የታች ከንፈሩ አንድ ወጥ መስሎ ቢታይም፥ ሁለት ተቀጥላዎች በመካከል ተጋጥመው የሠሩት ነው። በደረቱ ላይ ደግሞ ሦስት ጥንድ እግሮች ይገኛሉ። በረዳት መንጋጋውና በታች ከንፈሩ ጎን ያሉትን ትናንሽ መቅመሻዎች ያስተዋለ ሰው፥ እንደ እግር በአንጓ በአንጓ የተከፋፈሉ መሆናቸውን ይመለከታል።

ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነን የፍሬ ዝንብ ነው። አንቴናፔዲያ የተባለው ዘረ መል በተለመደው ሁኔታ ሥራው በደረት ላይ ነው፤ ተለውጦ በራስ ላይ የሠራ እንደ ሆነ ግን በመዳሰሻው ፈንታ እግር ይበቅላል። እንግዲህ መዳሰሻና እግር በአንድ መሠረታዊ ሥሪት የተገነቡ፥ በቦታቸው ምክንያት ግን የተለያየ መልክ የያዙ ናቸው ማለት ነው።

የሥራ መመሳሰልና የሥሪት መመሳሰል የተለያዩ መሆናቸውን እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦዌን እ.ኤ.አ. በ1843 ለይቶ አስረድቷል። የአንበጣ ክንፍና የሌሊት ወፍ ክንፍ ሁለቱም ለመብረሪያ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን የሌሊት ወፍ ክንፍ የክንድና የጣት አጥንት ሲኖረው፥ የአንበጣው አጥንት የሚባል ነገር የለውም። በአንጻሩ ቢራቢሮ የአበባ ወለላ የምትመጥበት ረጅም ቱቦ፥ አንበጣ ቅጠል ሲበላ ከሚረዳው ከረዳት መንጋጋ ጋር ሥሪቱ አንድ ነው።

አሁን ወደ አንበጣው የኋላ እግር እንመለስ። በወፍራሙ ጭን ውስጥ ያለው ጡንቻ፥ ቅልጥሙ ተጣጥፎ ሳለ በዝግታ እየተኮማተረ ኃይሉን በጉልበቱ ዙሪያ ባሉት ተለጣጭ ክፍሎች ያጠራቅማል፤ ኋላም እንደ ተሳበ ደጋን በድንገት ሲለቀቅ አንበጣው ይፈናጠራል። ይሁን እንጂ ይህን እግር መዝለያ ብለን ብቻ ብንተወው፥ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ያመልጠናል።

የበረሃ አንበጣ ሁለት ጠባይ አለው፤ ብቸኛው ከወገኖቹ ይርቃል፥ መንገኛው ግን ከእነርሱ ጋር ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የብቸኛው አንበጣ ልዩ ልዩ የአካል ክፍሎች ተራ በተራ ሲነካኩ፥ ጠባዩን ወደ መንገኛነት የለወጠው የኋላ ጭኑ የውጭ ገጽ መነካት ነው፤ ለዚህም ጥቂት ሰዓታት በቂ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ይህ ለውጥ ሴሮቶኒን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት በደረት ነርቮች ውስጥ እንደሚጀምር ገልጿል። ስለዚህ ድርቅ ሆኖ ለምለሙ ቦታ ሲጠብ፥ አንበጦቹ እየተጋፉ ጭን ለጭን ይነካካሉ፤ ጠባያቸውም ይለወጣል።

የዚህ ለውጥ ውጤት ቀላል አይደለም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊገኝ ይችላል፤ እያንዳንዱም የክብደቱን ያህል፥ ማለትም ወደ 2 ግራም ገደማ፥ በቀን ይበላል። 40 ሚሊዮኑ ብቻ በአንድ ቀን 80 ቶን ያህል ቅጠል ያወድማሉ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን አዝመራ ላይ የደረሰውን ጉዳት ያየ ገበሬ ይህን ስሌት ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል።

እንግዲህ ተቀጥላን ስንመረምር ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባናል፤ ከየትኛው የአካል ክፍል ላይ በቀለ? አንጓዎቹስ እንዴት ተደራጁ? የሚሠራቸውስ ሥራዎች ምን ምን ናቸው? ሦስተኛውን ጥያቄ በአንድ መልስ ብቻ የዘጋ ተማሪ፥ መዝለያውን እግር አውቆ መንጋውን የሚያስነሣውን እግር ሳያውቅ ይቀራል። አንበጣን መከላከልም የሚቀለው፥ ጭን ከጭን ሳይነካካ፥ ገና ተበታትኖ ሳለ ነው።