የዩኤስቢ ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ሥራ ሲያቆም፦ «ሪሴት» ከማድረግ በፊት መከናወን ያለባቸው ፍተሻዎች

መብራትን፣ የበር ቁልፍን፣ የውኃ ፓምፕን እንዲሁም የጭስና የጋዝ ጠቋሚን ከአንድ ኮምፒውተር ለመቆጣጠር የሚያስችል የቤት አውቶሜሽን ሥርዓት ያላቸው ቤተሰቦች ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ ሁሉም ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ምላሽ መስጠት ማቆማቸው ነው። ጥርጣሬውም ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በኮምፒውተሩ ላይ በተሰካው፣ ፍላሽ ዲስክ በሚያክለው የዩኤስቢ ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ለመመለስ፣ ማለትም በተለምዶ አጠራር «ሪሴት» ለማድረግ የሚቸኩሉ ተጠቃሚዎች አሉ። ይህ እርምጃ ግን የችግሩን መንስኤ ሳያስወግድ፣ መሣሪያው ስለ ቤቱ ዕቃዎች የያዘውን መረጃ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች በአገር ቤት የሚገኙ አረጋውያን ወላጆቻቸውን ደኅንነት በዚህ ሥርዓት የሚከታተሉ ከሆነ፣ የመቆጣጠሪያው መቋረጥ ከአንድ ዕቃ ብልሽት የላቀ ትርጉም ይኖረዋል። በመሆኑም ተጠቃሚዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ፍተሻዎች እንደሚከተለው ቀርበዋል።

ከሁሉም አስቀድሞ ደኅንነትን ማረጋገጥ

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት የበር ቁልፍ፣ የውኃ ፓምፕና የማሞቂያ ዕቃዎች በእጅ የሚሠሩበትን መንገድ ያረጋግጡ። የጭስ ወይም የጋዝ ጠቋሚው የራሱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከሌለውና መልእክት የሚያስተላልፈው በመቆጣጠሪያው በኩል ብቻ ከሆነ፣ ሥርዓቱ እስኪጠገን ድረስ ቤቱ ያለ ጠቋሚ እንዳለ ተቆጥሮ ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል።

1. የኤሌክትሪክ ኃይል

የኃይል መቆራረጥ ካጋጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ ቢነሣም መቆጣጠሪያው ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በብዙ ኮምፒውተሮች ዳግም በማስነሣት ወቅት ወደ ዩኤስቢ መሰኪያው የሚሄደው ኃይል አይቋረጥም። ስለሆነም ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ይዝጉት፤ ከኤሌክትሪክ ይንቀሉት፤ መቆጣጠሪያውን ያውጡት፤ ከግማሽ ደቂቃ ያህል በኋላ መልሰው ይሰኩት።

ራስቤሪ ፓይ የተባለውን አነስተኛ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ቤተሰቦች የኃይል ምንጩን ሊመለከቱ ይገባል። ራስቤሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፒር የሚሰጥ አዳፕተር ነው። በምትኩ የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ኮምፒውተሩ የሠራ ቢመስልም፣ ኃይል ሲያንሰው መቆጣጠሪያው በየጊዜው እየተቋረጠ ይመለሳል።

2. ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ማወቁ

መቆጣጠሪያው በሌላ የዩኤስቢ መሰኪያ ይሞከር። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚለው ክፍል ውስጥ ከስሙ አጠገብ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ከታየ፣ የጎደለው ድራይቨር የተባለው አገናኝ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ሶፍትዌር በአብዛኛው ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ማራዘሚያ ገመድ ካለ ደግሞ ገመዱን አውጥተው በቀጥታ በመሰካት ይሞክሩ። አንዳንድ ገመዶች ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ኃይል ያስተላልፋሉ እንጂ መረጃ አያስተላልፉም። በዚህ ጊዜ የመቆጣጠሪያው መብራት ቢበራም ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አያየውም።

3. ሶፍትዌሩ መሣሪያውን ማግኘቱ

ኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያውን እያወቀው ሆም አሲስታንትን የመሰለው የአውቶሜሽን ሶፍትዌር «አልተገኘም» የሚል ከሆነ፣ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይታዩ።

ሀ. ስም፦ ሊኑክስ ለተሰኩ መሣሪያዎች የሚሰጠው ስም በተራ ቁጥር የሚያበቃ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወይም ሌላ መሣሪያ ሲጨመር 0 የነበረው 1 ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ በቀድሞው ስም ሲፈልግ መሣሪያውን ያጣዋል። መፍትሔው በሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር የያዘውን ቋሚ ስም ማስገባት ነው።

ለ. ፈቃድ፦ ሶፍትዌሩ የሚሠራበት የተጠቃሚ ስም መሣሪያውን የመክፈት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ሥርዓቶች ይህ ፈቃድ የሚገኘው «ዳያል-አውት» ለተባለው የተጠቃሚዎች ቡድን አባል በመሆን ነው።

ሐ. መሻማት፦ አንድን መቆጣጠሪያ በአንድ ጊዜ መጠቀም የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ለሙከራ የተጫነ ሌላ ፕሮግራም መሣሪያውን ይዞት ከሆነ ዋናው ሶፍትዌር ሊከፍተው አይችልም።

4. የሬዲዮ ሞገድ መረበሽ

መቆጣጠሪያው እየሠራ ዕቃዎቹ እየቆዩ የሚታዘዙ ወይም ከርቀት የሚጠፉ ከሆነ፣ መንስኤው የሬዲዮ መረበሽ ሊሆን ይችላል። ዚግቢ የተባለው ቴክኖሎጂ የሚጠቀመው ዋይ-ፋይም የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያና ገመድ በዚሁ ሞገድ ክልል ውስጥ የሬዲዮ ጫጫታ ይፈጥራል። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ ዩኤስቢ 3.0 ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ላይ፣ መረጃ በሚያስተላልፍ የ1 ሜትር ያህል ማራዘሚያ ገመድ፣ ከኮምፒውተሩ፣ ከውጫዊ ሀርድ ዲስክና ከዋይ-ፋይ ራውተር እንዲርቅ ተደርጎ ይቀመጥ።

ዚግቢ በዚህ ሞገድ ላይ ከ11 እስከ 26 የተቆጠሩ 16 ቻናሎች አሉት። የዋይ-ፋይ ራውተሩ በቻናል 1፣ 6 ወይም 11 የሚሠራ ከሆነ፣ የዚግቢ ቻናል 15፣ 20 እና 25 በመካከላቸው ክፍተት ላይ ይገኛሉ። ሆኖም የዚግቢን ቻናል መቀየር አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና ማጣመር ስለሚጠይቅ፣ በቅድሚያ የራውተሩን ቻናል መቀየር ይመረጣል።

በተጨማሪም በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚሠሩ የዚግቢ ዕቃዎች የሌሎችን መልእክት ተቀብለው ያሻግራሉ፤ በባትሪ የሚሠሩት ግን አያሻግሩም። መብራት ሲጠፋ አሻጋሪዎቹ ስለሚቋረጡ በሩቅ ክፍል ያለ ሴንሰር መንገድ ያጣል። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ መረቡ ራሱን እስኪያስተካክል የተወሰነ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ዕቃዎችን ለመሰረዝ መቸኮል አይገባም።

5. ከውጭ አገር የመጣ መሣሪያ

ዜድ-ዌቭ የተባለው ሌላው ቴክኖሎጂ ከዚግቢ በተለየ ሁኔታ በየአገሩ የተለያየ ሞገድ ይጠቀማል፤ በአውሮፓ 868.42፣ በአሜሪካ ደግሞ 908.42 ሜጋኸርዝ ነው። በመሆኑም ከአሜሪካ የተላከ መቆጣጠሪያ ከአውሮፓ ከተገዛ የበር ሴንሰር ጋር አይግባባም። ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ሳለ አንዳቸው ሌላውን አይሰሙም፤ «ሪሴት» ማድረግም ይህን አይለውጠውም። በአንዳንድ አዳዲስ መቆጣጠሪያዎች የሞገድ ክልሉን በሶፍትዌር መቀየር ቢቻልም፣ የቆዩት ግን በተሠሩበት ክልል የተወሰኑ ናቸው።

ጉዳዩ ከቤቱ ባለቤትም ያልፋል። ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ክልል 1 ውስጥ ከ890 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ የሞባይል ስልኮች ወደ ማማ ምልክት የሚልኩበት ነው። ለአሜሪካ የተሠራ የዜድ-ዌቭ መሣሪያ 908.42 ሜጋኸርዝ ላይ ሲያሰራጭ በዚሁ መስመር ውስጥ ይገባል። ስለሆነም ዜጎች ማናቸውንም የሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ መሣሪያ ከመግዛታቸው ወይም ከማስላካቸው በፊት፣ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊጠይቁ ይገባል። በሚጠይቁበትም ጊዜ የመሣሪያውን ሞዴልና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሞገድ መጠን መያዝ ያስፈልጋል።

6. መጠባበቂያ ቅጂና የመጨረሻው እርምጃ

የዚግቢ መቆጣጠሪያ የቤቱን መረብ ሚስጥራዊ ቁልፍና የመረቡን መለያ በውስጡ ይይዛል። የተጣመሩ ዕቃዎች የሚያውቁት ይህንኑ ነው። መረጃው ያለ መጠባበቂያ ቅጂ ከጠፋ እያንዳንዱ አምፖል፣ ሴንሰርና ቁልፍ ባለበት ቦታ አንድ በአንድ እንደገና መጣመር ይኖርበታል። ባለቤቱ በሌላ አገር የሚኖር ከሆነ ይህን ከርቀት መፈጸም አይቻልም።

ስለዚህ ሥርዓቱ ጤነኛ በሆነበት ጊዜ የሶፍትዌሩንም የመቆጣጠሪያውንም መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ ይገባል። ቅጂው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ኮምፒውተሩ የሚጠቀምበትን ሚሞሪ ካርድ ሊያበላሽ ይችላልና። መቆጣጠሪያው በእርግጥ ከተበላሸ፣ ብዙ ሶፍትዌሮች ቅጂውን በተመሳሳይ ዓይነት አዲስ መሣሪያ ላይ በመጫን ዕቃዎቹን እንደገና ሳያጣምሩ ሥራ ለማስቀጠል ያስችላሉ። «ሪሴት» ሊታሰብ የሚገባው ከላይ የተዘረዘሩት ፍተሻዎች ተጠናቀው፣ ቅጂው በእጅ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

የባለሙያ እርዳታ ሲጠየቅ

ለጥገና ባለሙያ የመቆጣጠሪያውን ሞዴል፣ የኮምፒውተሩንና የሶፍትዌሩን ዓይነት፣ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የተደረገ ለውጥ ወይም የኃይል መቋረጥ ካለ እሱን፣ እንዲሁም ሶፍትዌሩ ያሳየውን የስሕተት መልእክት መስጠት ሥራውን ያፋጥናል። የመረቡ ሚስጥራዊ ቁልፍና የሶፍትዌሩ የይለፍ ቃል ግን በምስልም ሆነ በጽሑፍ ለማንም መላክ የለባቸውም። ቁልፉን ያገኘ ሰው በአቅራቢያው ሆኖ የቤቱን የገመድ አልባ መልእክት ለማንበብ፣ ከዚያም አልፎ ዕቃዎቹን ለማዘዝ ይችላል። ጥገናው ሲጠናቀቅም የጭስ፣ የጋዝና የበር ጠቋሚዎች እያንዳንዳቸው ተሞክረው መልእክታቸው መድረሱ ሳይረጋገጥ ሥርዓቱ ተስተካክሏል ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።